ከክሬዲት ካርዱ ጋር አስታርቁኝ

ሀበሻ ሬስቶራንት ገብታችሁ፣ ሁለት ጎልማሶች ካሸሯ ፊት ሲጓተቱ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ጠምዝዞ ሲይዝ፣ «እኔ ልሙት!» «አንተ አትሞትም፣ እኔ ልሙት!» ሲባባሉ ብታዩ እንዳትደነግጡ። ሂሳብ እየከፈሉ ነው።

አንዴ እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ አንድ ፈረንጅ የምር ድብድብ መስሎት ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ሊጠራ ሲል፣ ያስተወችው አስተናጋጇ ነች። አልተጣሉም፣ ሁለቱም እኔ ልክፈል እያሉ ነው ብላ ብታስረዳው የባሰ ግራ ገባው። እንዴት ይግባው? እሱ አገር ሰው ሂሳብ ላይ ከተጣላ ላለመክፈል ነዋ።

ለማንኛውም ስሜ ሰይድ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ልጅ ስላችሁ ጺሜ ከነጣ ቆይቷል። ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ እንግዳ አመላልሳለሁ። ይሄ እንጀራዬ ነው። ሙያዬ ግን ሽምግልና ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ እኔ ገብቼበት ያልተፈታ ጠብ የለም። ባልና ሚስት፣ የሱቅ ሸሪኮች፣ በፓርኪንግ የተኳረፉ ጎረቤቶች፣ ሁሉም በእጄ አልፈዋል። እንዲያውም አንዴ ከጉብዝናዬ ብዛት የተፋቱ ሰዎች አስታርቄ፣ ለካ ሁለቱም ሌላ አግብተው ኖሯል። እሱን ለማብረድ ደግሞ ሌላ ሽምግልና አስፈለገ። እሱም በረደ፣ አልሐምዱሊላህ።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። ማለቴ፣ ገና አልጀመርኩላችሁም። ብርሃኑ የሂሳብ ሻምፒዮናችን ነው። ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ከሚስቱ ከሰናይትና ከትንሽ ልጃቸው ጋር አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል፤ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል ይውላል። ከብርሃኑ ጋር በልቼ እኔ ከፈልኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዋሽቷችኋል። እኛ ካሸሯ ጋ ስንጓተት እሱ ተቀምጦ በስቴኪኒ ጥርሱን ይጎረጉራል። ምን አስጓተተው? ገና ምግቡ ሳይቀርብ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ሲነሳ ካርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። እኛም «አይ ብርሃኑ፣ እጁ እኮ አይታጠፍም» እያልን፣ መርቀነው፣ ሆዳችንን ደባብሰን እንወጣለን።

በዚያ ላይ ዕቁብተኛ ነው። የዕቁብ ቀን ደርሶ ኪሱ ሲጎድል፣ ከዚያው ከክሬዲት ካርዱ ጥሬ ገንዘብ ያወጣና ይጥላል። ዕቁቡ ሲወጣልኝ ካርዱን እዘጋዋለሁ ባይ ነው። ከካርድ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጥር ማን ነግሮት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ዕቁቡም እኮ ወጣለት። ግን የወጣለት ሳምንት አንድ ሠርግና አንድ ለቅሶ ነበረ፤ ብርሃኑ ደግሞ በሁለቱም ቦታ ብርሃኑ ነው።

ባንኩ በየወሩ «ቢያንስ ይህችን ታህል ክፈል» ይለዋል። እሱም ያችን ታህል ከፍሎ፣ የወሩን ጨረስኩ ብሎ ይተኛል። እንዲያውም ባንኩን ይመርቀው ነበር። እንዴት ያለ ደግ ነው፣ ይሄን ሁሉ አብልቶኝ የሚጠይቀኝ ትንሽ ነው እያለ። ትንሽ የሚጠይቅ አበዳሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የሚከፍላት ትንሿ ወለዱን ብቻ ነበር የምትነካው፤ ዋናው ዕዳ እንደተቀመጠ ተቀምጧል። እኔ ራሴ ካርድ አለኝ፣ ግን በየወሩ ሙሉውን ነው የምዘጋው። ከሞላ ጎደል።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ሰናይት ኮል አደረገችኝ። ጋሽ ሰይድ፣ ይሄን ሳምንት ካልመጡ ከዚያ በኋላ አያገኙኝም አለች። ድምጿ ደረቅ ነው። ሴት ልጅ ስታለቅስ አልፈራም፤ እንዲህ ስትደርቅ ነው የምፈራው። ሥራ ጨርሼ በቀጥታ ቪከሪ ሜዶ ሄድኩ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሻንጣ ነው። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። የሰናይት እህት ዴንቨር ናት፣ ለቅዳሜ ትኬት ቆርጣላታለች፣ ለእሷና ለልጇ። ብርሃኑ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል። እኔም እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። መታሽ ወይ አልኳት። አልመታኝም። ጠጣ ወይ? አይጠጣም። ሌላ ሴት? እሱማ ጊዜውስ ካለው አለች። ታዲያ ምን አደረገሽ ብላት ነገሩ ወጣ፤ ለልጇ መነጽር ልትገዛ ሄዳ ካርዱ እምቢ አለ። ሌላኛው ካርድም እምቢ አለ። እዚያው ሰልፍ ላይ ቆማ ለብርሃኑ ስትደውል ነው፣ ሌሎችም ካርዶች እንዳሉና ሁሉም ጢም ብለው እንደሞሉ የነገራት። ልጅቷ ሰሌዳው አይታያትም፤ አባቷ ግን ትናንት ለስድስት ሰው ክትፎ ጋብዟል። ሰናይትን ያቃጠላት ይሄ ነው። እውነቷን እኮ ነው።

እኔ ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልጅ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ጨርሼ ውሃ ስጠጣ ሰናይት ቀና አለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ከብርሃኑ ጋር አልተጣላሁም። እሱን እወደዋለሁ። የተጣላሁት ከክሬዲት ካርዱ ጋር ነው። ከእሱ ጋር ካስታረቁኝ ሻንጣዬን እፈታለሁ።»

አፌ መቼ ያርፍልኛል? «አብሽሪ» አልኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው ነገሩ የታየኝ። ለክሬዲት ካርድ ሽማግሌ እንዴት ይላካል? በአገራችን አበዳሪ ፊት አለው። በጠዋት ቤቱ ትሄዳላችሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ ይላል። እሺ ካላልከን አንቀመጥም ትላላችሁ። በነቢ፣ በማርያም፣ በልጆችህ ትሉታላችሁ። ቆማችሁ ቆማችሁ፣ እሱም ሰው ነውና፣ በሉ ለእናንተ ስል ጊዜ ሰጥቻለሁ ይላል። የዚህ አገር አበዳሪ ግን በር የለውም። ያለው ስልክ ቁጥር ነው። ስልኩን ደወልኩ። ለእንግሊዝኛ አንድ፣ ለስፓኒሽ ሁለት አለኝ። ለሽምግልና የሚጫን ቁጥር የለም። ሙዚቃ ስሰማ ቆይቼ አንድ ሰውዬ መጣና የአካውንቱ ባለቤት ነህ ወይ አለኝ። አይደለሁም፣ ሽማግሌ ነኝ አልኩት። ስለ ሰው ዕዳ ላናግርህ አልችልም ብሎ፣ መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ዘጋው። እስከ ዛሬ በሽምግልና ስልክ ተዘግቶብኝ አያውቅም።

ዕዳ እናጠፋለን የሚሉም ሞልተዋል። አንድ የማውቀው ሹፌር ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ደውሎ፣ ለባንኩ መክፈልህን አቁም፣ ለእኛ ክፈል አሉት። ለእነሱ ሲከፍል ከረመ። ዕዳው እንዳለ ነው፣ የጠፉት እነሱ ናቸው።

መፍትሔውን ያመጣችው፣ አትድከሙ፣ እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ሰናይት ናት። ልጇን ለማስነበብ የምትወስዳት ላይብረሪ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየች። ዕዳ ለከበደው ሰው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከተማው በነፃ ያማክራል ይላል። በነፃ የሚለውን ስሰማ ሆዴ አልወደደውም። ግን ቅዳሜ እየመጣ ነው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። እንሄዳለን አልኩ።

ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ ሳክሲ የምትባለው ከተማ ሄጄ አባባ ታደሰን ይዤ መጣሁ። አባባ ታደሰ የአገሬ ሰው ናቸው፤ እዚያ እያሉ ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው አምጥታቸው ሳክሲ እሷ ቤት ነው ያሉት። ሰፈሩ ያምራል፣ ሳሩ ይታጨዳል፣ ሰው ግን አይታይም። የሚጣላ እንኳ የለም፣ ማንን ላስታርቅ እያሉ ያማርራሉ። ሽምግልና አለ ስላቸው ከየት ወዴት ነው ሳይሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ።

ላይብረሪው ውስጥ ትንሽ ክፍል አለች። የምታማክረው ግሎሪያ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ከፊቷ ፈገግታ የማይጠፋ ወጣት ናት። ቀጠሮ የያዘችው ለአንድ ሰው ነው፤ የገባነው አራት ነን። ወንበር ተበደረችና ከሌላ ክፍል አመጣች። ተቀመጡ አለች። አባባ ታደሰ እምቢ አሉ። ወገባቸውን ያመማቸው መስሏት ለስላሳ ወንበር ፈልጋ መጣች። እሱንም እምቢ። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም በላት አሉኝ። አልኳት። ግሎሪያ ግራ ገብቷት፣ እሺ የምለው ምኑን ነው አለች።

አባባ ታደሰ ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነውር መሆኑን እናውቃለን፣ ልጃችን አጥፍቷል፣ ነገር ግን ሰው ነው፣ የልጅ አባት ነው፣ አንቺም እናት አለሽ፣ ወለዱን ቀንሰሽ ጊዜ ስጪው አሉ። ንግግሩ እንዲህ አጭር እንዳይመስላችሁ፤ መሐል ላይ ስለ ዝናብና ስለ ዘመን መለወጥም ነበረበት። እኔ ዋና ዋናውን ተረጎምኩ።

ግሎሪያ አልሳቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠችና እንዲህ አለች።

«እኔ ባንኩ አይደለሁም። እኔም እንደ እናንተ ወደ ባንኩ የምላክ ነኝ።»

ከዚያ አስረዳችን። ብርሃኑ ከተስማማ እሷ ጋ ያሉት ሰዎች በእሱ ስም አበዳሪዎቹን ያናግራሉ። ወለዱን እንዲቀንሱ ይለምናሉ፣ ብዙ ጊዜም እሺ ይላሉ። ካርዶቹ ይዘጋሉ። እሱ በየወሩ በአንድ ቦታ ይከፍላል፣ እነሱ ለየአበዳሪው ያደርሳሉ። ዋናው ዕዳ አይሰረዝም፤ ይከፈላል፣ ግን ያልቃል። አባባ ታደሰ ተርጉምልኝ አሉና ስነግራቸው፣ ይቺ ልጅ ከባለዕዳው ስንት ትቀበላለች ብለው ጠየቁ። ምንም፣ ደሞዟን የሚከፍለው ከተማው ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተቀመጡ። «እንግዲያስ ሽማግሌ ናት» አሉ።

ሶ፣ ሥራው ተጀመረ። ገቢ ስንት፣ ኪራይ ስንት፣ መኪና ስንት እያለች ሬስቶራንት ላይ ስትደርስ ግሎሪያ ቆመች። ቤተሰብህ ትልቅ ነው ወይ አለችው። ሦስት ነን አላት። ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን በላው? ሰናይት እኔን አየችኝ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። እኛ ጋ ለመክፈል መሻማት ልማድ ነው፣ ቀድሞ የከፈለ ይከበራል ብዬ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ማን ነው አለች። ሁላችንም ወደ ብርሃኑ ጠቆምን። እንዴት ነው የምታሸንፈው ስትለው የብርሃኑ ፊት በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። ተነስቶ አሳያት። እጄን ልታጠብ ብለህ ትነሳለህ፣ ወደ መታጠቢያው ትሄዳለህ፣ ካሸሯን በዓይንህ ትጠራለህ፣ ካርዱን ከመዳፍህ ሥር ታሳልፋለህ፣ እጅህንም እንዳይነቃብህ የምር ትታጠባለህ። ግሎሪያ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ብርሃኑን አየችው።

«ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ይሄን ሁሉ ጊዜ መሸነፍ ትችላለህ?»

ብርሃኑ ተቀመጠ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ይሁን ለሰናይት ባላውቅም፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ዌርሃውስ ውስጥ አለቃዬ ስሜን አያውቀውም፣ ደረቴ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የሚያነበው አለ። ብርሃኑ የምባለው እዚያ ካሸሯ ጋ ብቻ ነው አለ። አንጀቴን በላው። ምን ያህል ጊዜ እጁ አይታጠፍም ብለን እንዳጨበጨብንለት ትዝ አለኝ። ሰናይት ግን አላለቀሰችም። ቤትም ብርሃኑ ነህ አለችው። ልጅህ ስምህን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፣ ቀና ብለህ አታይም እንጂ። እሱም ሞክሬ አያለሁ አለ። እሷም መሞከርህን በዓይኔ ካየሁ እኔም ሻንጣውን አያለሁ አለች።

እዚያው ፈረመ። ካርዶቹን በግሎሪያ መቀስ ራሱ ቆራረጣቸው።

አባባ ታደሰ ግን ሊነሱ ነው ስንል ዕርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም አሉ። አብረን ካልበላን ነገሩ ተመልሶ ይፈርሳል፣ ይቺ አማካሪዋም ትምጣ። ግሎሪያ አመሰግናለሁ፣ ግን አልችልም አለች። ከምናማክረው ሰው ቡና እንኳ መቀበል አይፈቀድልንም አለች። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንድ ጨዋ ሰው ሲጋበዝ ምን ይላል? አልችልም ይላል። እንደገና ሲለመን ይከብደኛል ይላል። ሦስተኛ ሲለመን ነው የሚመጣው። እኔም ለመንኳት፣ ይከብደኛል አለች። ደግሜ ለመንኳት። ኦኬ፣ የዛሬ ሥራዬ እዚህ ያበቃል፣ እመጣለሁ፣ ግን ማንኛችሁም ልትከፍሉልኝ አትችሉም፣ የሥራዬ ሕግ ነው አለች። ኦኬ፣ ኦኬ አልኳት። ለአባባ ታደሰም እሺ ብላለች ብዬ ተረጎምኩ። ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት አሉ፣ እንደኛ ሦስት ጊዜ ተግደረደረች።

ጋርላንድ ሄድን። እኔ ሙስሊም፣ አባባ ታደሰ ክርስቲያን፣ በየአይነቱ አዘዝን። በየአይነቱ ሃይማኖት አይጠይቅም። ግሎሪያ እጇን ታጥባ መጣችና ሰናይት እያሳየቻት በላች፤ ሽሮው ላይ በተለይ ጨከነች። ጨዋታው ደራ። ከዚያ አስተናጋጇ ሳህኑን አነሳችና፣ እንደ ልማዷ፣ ብርሃኑ አጠገብ መጥታ ቆመች። ሌላ ነገር ትፈልጋላችሁ ወይ ነው ያለችው። ብርሃኑ ግን የሰማው ሌላ ነው።

እጁ ወደ ኋላ ኪሱ ሄደ። አየሁት። ሰናይትም አየችው። ኪሱ ውስጥ ካርድ እንደሌለ ያውቃል፤ እጁ ግን መንገዱን ነው የሚያውቀው። ግማሽ ላይ ቆመ። ከዚያ መለሰውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ መዳፉን ዘርግቶ።

«ዛሬ እኔ አይደለሁም» አለ።

እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ሰናይት እጇን እጁ ላይ አደረገች። እኔም ይሄኔ ነው የሰይድ ሰዓት ብዬ፣ ካርዴን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ካሸሯ ሄድኩ።

ተከፍሏል አለችኝ።

ተመልሼ ስናገር ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደስታ ድርግም አለ። ሁሉም ብርሃኑን አየ። ሰናይት እጇን ከእጁ ላይ አነሳች። ፊቷ እንደዚያ ማክሰኞ ደረቀ፤ ቦርሳዋን ሳበች። ብርሃኑ ብድግ አለ፣ ኪሶቹን ሁሉ ገለበጠ፣ ቁልፍና መሐረብ ብቻ ወደቀ። እኔ አይደለሁም አለ። ማን ይመነው? ስንት ዓመት ሲያታልለን የኖረ ሰው ነው። ቅዳሜ ታየኝ፣ ሻንጣው ታየኝ።

ይሄኔ ግሎሪያ ጣቷን አወጣች፣ እንደ ተማሪ። እጄን ልታጠብ ስሄድ ነው አለች። እናንተ ልትከፍሉልኝ አይፈቀድም፣ ነግሬያችኋለሁ፤ ተለያይተን እንክፈል ብል ደግሞ ሽማግሌው ይናደዳሉ ብዬ ፈራሁ አለች። ብርሃኑ ባስተማረኝ መንገድ ከፈልኩ።

ሰናይት መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ብርሃኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አባባ ታደሰ ምን አለች፣ ምን አለች ይሉኛል። ምን ልበላቸው? እንግዳዋ ከፈለች አልኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን መቱ። እኛ የጠራናት እንግዳ? ከዚያ እንደ አዋቂ፣ በካርድ ነው ወይ ብለህ ጠይቃት አሉ። በካሽ ነው አለች። አባባ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ካርዱን ከብርሃኑ እጅ አስጣልነው፣ ጠባዩን ግን በሐኪሟ ላይ አጋባነው አሉ።

ቅዳሜ ቤታቸው ደርሼ ነበር። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተመልሷል፣ ልጅቷም በካሽ በተገዛላት አዲስ መነጽሯ ከላይ እስከ ታች መረመረችኝ። ብርሃኑ በየወሩ እየከፈለ ነው። መጀመሪያ ሰሰተ ብለው አሙት፤ እሱ እንደሆነ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። አሁን አሁን ደግሞ ሂሳብ ላይ የሚጓተቱት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጥግ እየጠሩት የግሎሪያን አድራሻ ይጠይቁታል። ሁሉም «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» ይላሉ። ያ አንድ ጓደኛ ምስኪን፣ ብዙ ዕዳ አለበት።

እኔ ግን አልረሳሁም። ሰይድ ተብዬ፣ በራሴ ማዕድ፣ እንግዳ ቀድሞኝ ይክፈል? ነገሩን አሰብኩበት። ዕዳው ያለቀ ቀን ግሎሪያን አባባ ታደሰ እንደገና ይጋብዟታል። ያን ጊዜ የማማከሩ ሥራ አብቅቷል፣ ሕግ የለ፣ ምን የለ። እኔ በዋዜማው ሄጄ ካርዴን ለካሸሯ ሰጥቼ አድራለሁ። እንዲያውም ያን ቀን ሬስቶራንቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሂሳብ እዘጋለሁ። ዕቅዴን ለሰናይት ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም። ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ሰይድ፣ የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት ይመችዎታል?»